ቆሞ ሲያድር ባትሪ የሚጨርስ የኤሌክትሪክ መኪና፦ ጥፋቱን በቴስተር ፈልጎ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ኮዬ ፈጬ፣ ከኛ ብሎክ ፊት ለፊት የሚኖር ጎረቤቴ ነው። «መኪናው በሩን አልከፍት አለኝ። ሪሞቱን ብጫነው ብጫነው ዝም። ዓርብ ማታ ሳቆመው 78 በመቶ ነበረው!» አለኝ። ወረድኩ። ከሪሞቱ ሆድ ውስጥ የምትወጣዋን ትንሽ የብረት ቁልፍ አውጥተን በሩን ከፈትን። ዳሽቦርዱ ድፍን ጨለማ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ትንሹን ባትሪ ስለካው 10.4 ቮልት አሳየኝ።

ባትሪው ገና የአራት ወር ነው። ከእሱ በፊት የነበረውንም «አርጅቷል» ተብሎ ነበር የቀየረው። ከማስቀየሩ በፊት ግን ማንም ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) አውጥቶ አልለካለትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሰው በላቡ ያገኘውን ገንዘብ ጥፋት ለሌለበት ባትሪ ሲከፍል ማየት አልወድም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ከከተማው መሀል አልፎ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ሰበታ ድረስ በየግቢው ቆሟል። በእነዚህ ሰፈሮች ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ጋራዥ ሩቅ ነው፤ መኪናን በክሬን አስጭኖ መሀል ከተማ ማድረስም ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ሆናችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን ፍተሻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጽፍላችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ የትኛው ባትሪ ነው ያለቀው?

የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ ከወለሉ ሥር የተዘረጋው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚይዘው፣ ጎማውን የሚያዞረው ነው። በመቶኛ የምታዩት ቁጥር የእሱ ነው። ትንሹ እንደ ማንኛውም መኪና 12 ቮልት ነው፤ የበሩን ቁልፍ፣ መብራቱን፣ ስክሪኑን፣ ኮምፒውተሮቹንና ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ወፋፍራም ሪሌዮች (በኤሌክትሪክ የሚዘጉና የሚከፈቱ ማብሪያ ማጥፊያዎች) የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ትንሹ ሲሞት ሪሌዮቹ አይዘጉም፤ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናው ሬዲ (ለመንዳት ዝግጁ ነኝ የሚለው የዳሽቦርድ ምልክት) አይልም። ብዙ ጊዜ ቻርጀር ቢሰካለትም አይቀበልም።

የቤንዚን መኪና ባትሪው ሲደክም ያስጠነቅቃል፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እየከበደው ሲዞር እንሰማለን። የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስነሳው ሞተር የለውም። ለመንቃት የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ የደከመ ባትሪ እስከ መጨረሻዋ ቀን ደህና መስሎ ይሠራና አንድ ጠዋት ድንገት ይቀራል። ባለቤቱም «ትናንት ደህና ነበረ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ከውጭ ሲታይ ደህና ነበረ።

እንግዲህ ቆሞ በሚያድር መኪና ላይ የሚታየው ጥፋት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የጎረቤቴ ዓይነት ነው፦ የትልቁ ባትሪ መቶኛ አልተነካም፣ ትንሹ ግን አልቋል። ሁለተኛው ትንሹ ደህና ሆኖ ትልቁ በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት በመቶ እየቀነሰ ማደሩ ነው። ይህኛው መኪናው ራሱ እንዳልተኛ ይነግራችኋል። ማታ ስታቆሙና ጠዋት ስትነሱ መቶኛውን በወረቀት ላይ ለሦስት ቀን ጻፉ። ያቺ ወረቀት ብዙ ድካም ታስቀራለች።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃና ጥንቃቄ

ቴስተር፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ጫፍና ጫፉ መቆንጠጫ ያለው አንድ ወፍራም ሽቦ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። ብትችሉ ክላምፕ ሜትር (ገመድ ሳይፈታ አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ተዋሱ ወይም ግዙ። ስትገዙ ግን አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ርካሾቹ ክላምፖች የቤት መብራቱን ዓይነት ኤሲ አምፔር ብቻ ነው የሚለኩት። እናንተ የምትፈልጉት የባትሪውን ዓይነት ዲሲ አምፔር የሚለካና እስከ 10 ሚሊ አምፔር ድረስ ለይቶ የሚያሳይ ነው። መርካቶ ስትሄዱ ሻጩ «ሁሉንም ይለካል» ቢላችሁ እዚያው ባትሪ ላይ በተሰካ አምፖል አስለክታችሁ ውሰዱ።

ጥንቃቄውን በአጭሩ፦ ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ማንኛውንም ገመድ አትንኩ፣ አትፍቱ፣ ሶኬቱንም አትንቀሉ። እሱ የትልቁ ባትሪ መስመር ነው፤ ይገድላል። ይህ መመሪያ ከ12 ቮልቱ ወገን አይወጣም። ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ፤ ቁልፍና ቀለበት ተጋጥመው ፖዘቲቩን ከቦዲው ቢያገናኙ ጣታችሁን ያቃጥሏችኋል። መኪናው ሬዲ ላይ ሳለ ወይም ቻርጅ እያደረገ የትንሹን ባትሪ ገመድ ፈጽሞ አትፍቱ። ባትሪው የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገመዱን ከፈታችሁ በኋላ ክዳኑን አትዝጉት፤ መክፈቻው በኤሌክትሪክ ስለሆነ እላያችሁ ላይ ይቆለፋል።

ደረጃ 1፦ የሞተውን ማስነሳት

ኃይሉ ባለቀ ባትሪ ምንም መመርመር አይቻልም። ትንሽ የ12 ቮልት ቡስተር (በእጅ የሚያዝ የባትሪ ማስነሻ) ይበቃል፤ የሚዞር ሞተር ስለሌለ ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ባትሪው ከኋላ የሆነባቸው አንዳንድ መኪኖች ከፊት ኮፈኑ ሥር የማስነሻ ነጥብ አላቸው፤ የመኪናው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን መጽሐፉ ከሚያሳየው የኔጌቲቭ ነጥብ አያይዙ፤ ሬዲ ሲል ገመዱን አንሱና መኪናውን በዚያው ሬዲ ላይ ተዉት። ፈጽሞ የደረቀ ባትሪ በሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ ሰዓታት ይፈልጋል። በ12 ቮልት ቻርጀር ሌሊቱን ቢሞላ ደግሞ የተሻለ ነው።

በከተማው ዳር አንድ አደገኛ ልማድ አያለሁ። ግንባታ ስላለ አካባቢው በሲኖ ትራክ የተሞላ ነው፤ ሰው ይቸገርና ሾፌሩን ባትሪ እንዲያውሰው ይለምናል። የሲኖ ትራክ መስመር 24 ቮልት ነው። መኪናችሁ ላይ ከተገናኘ ኮምፒውተሮቹን ሊያቃጥል ይችላል። እንዲሁም በተቃራኒው፣ የኤሌክትሪክ መኪናችሁን ባትሪ ለሌላ ሰው መኪና ማስነሻ አታበድሩ፤ ውስጡ ያለው ኮንቨርተር (የትልቁን ባትሪ ኃይል ዝቅ አድርጎ ትንሹን የሚሞላው) ለዚያ ዓይነት ጭነት አልተሠራም።

ደረጃ 2፦ ባትሪው ራሱ ጤነኛ ነው?

ፍሰት (መኪናው ቆሞ ሳለ ከባትሪው የሚጎተተውን) ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት። መኪናው ባትሪውን ይሞላል ወይ? ባትሪውስ የተሞላውን ይይዛል ወይ?

ለመጀመሪያው፣ መኪናውን ሬዲ ላይ አድርጉና ቴስተሩን በዲሲ ቮልት የትንሹ ባትሪ ሁለት ጫፎች ላይ አሳርፉ። ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት አካባቢ ካሳየ ኮንቨርተሩ እየሞላ ነው። 12 ነጥብ ምናምን ላይ ቆሞ ጭራሽ እየወረደ ከሄደ ግን ጥፋቱ መሙላት ላይ ነው፤ ኮንቨርተሩ ወይም የእሱ ትልቅ ፊውዝ ይታይ። ከዚያ በታች ያለውን ደረጃ ሁሉ አትድከሙበት።

ለሁለተኛው፣ በደንብ የተሞላውን ባትሪ መኪናውን አጥፍታችሁ የኔጌቲቭ ገመዱን ፍቱ። ሁለት ሰዓት አሳርፉና ለኩ፣ ጻፉ። ጠዋት ደግማችሁ ለኩ። ጤነኛ የአሲድ ባትሪ ብቻውን አድሮ ከ12.6 ብዙም አይወርድም፤ 12.4 ማለት ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ ያህል፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ቀረ ማለት ነው። ምንም ሳይገናኝበት አድሮ ወደ 12.2 ከወረደ ባትሪው ራሱ ታሟል፣ ቀይሩት። በቁጥሩ ካደረ ግን ከባትሪው ላይ እጃችሁን አንሱ፤ አዲስ ብትገዙም ያው ነገር ይደገማል።

ብዙ የቢዋይዲ ሞዴሎች ትንሹም ባትሪያቸው ሊቲየም ነው። የእሱ ቁጥር ሌላ ነው፦ አርፎ 13.2 ወይም 13.3 ያሳያል፤ ኃይሉ እያለቀ ሲሄድም ቁጥሩ እዚያው አካባቢ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በአንዴ ይወድቃል። በቮልት ብቻ ስንት እንደቀረው መገመት አይቻልም። ለአሲድ ባትሪ የተሠራ «ማደሻ» ያለው ቻርጀርም አትጠቀሙለት።

የጎረቤቴ ባትሪ ይህን ፈተና አለፈ። ቀን ሞልተን ሌሊቱን ፈተን አሳደርነው፤ ማታ 12.65፣ ጠዋት 12.61።

ደረጃ 3፦ መኪናውን ማስተኛት

የአብዛኛው ሰው ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ታገሱ።

መኪናውን ስታጠፉት ውስጡ ያሉት ኮምፒውተሮች ወዲያው አያንቀላፉም። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ መረጃ እያስቀመጠ፣ በየተራ ነው የሚተኙት። በዚህ ጊዜ ብዙ አምፔር ይጎትታሉ። አንድ ባለሙያ ኮፈን ከፍቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለክቶ «ይኸው፣ 5 አምፔር ይፈሳል!» ቢላችሁ ያልተኛ መኪና ነው የለካው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት፤ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ከመጠበቃችሁ በፊት የሚቀሰቅሱትን ነገሮች አስወግዱ። ቻርጀሩን ንቀሉ። በጊዜ ቀጠሮ ቻርጅ ማድረግንና ቀድሞ ማሞቅን ከስክሪኑ አጥፉ። የስልካችሁን አፕሊኬሽን ዝጉት፤ «እስኪ ተኝቶ ይሆን?» ብላችሁ በስልክ በከፈታችሁት ቁጥር መኪናውን ትቀሰቅሱታላችሁ። ሪሞቱን፣ መለዋወጫውንም ጨምሮ፣ ከመኪናው አርቁ። ቤታችሁ ጠባብ ከሆነ በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብታችሁ ክዳኑን ግጠሙ፤ ብረቱ ሞገዱን ያፍነዋል።

ቀጥሎ በሮቹ። ፍተሻው ላይ በር ብትከፍቱ መኪናው ይነቃል፤ ብትዘጉት ደግሞ የውስጡን ፊውዝ ቤት አታገኙትም። መፍትሔው ማታለል ነው። የሾፌሩን በር ክፈቱና በሩ ጠርዝ ላይ ያለውን መንጠቆ በካቻቢቴ እየገፋችሁ «ቀጭ ቀጭ» እስኪል ሁለት ጊዜ አስቆልፉት፤ በሩ ክፍት ነው፣ መኪናው ግን የተዘጋ ይመስለዋል። የኮፈኑንም መንጠቆ እንዲሁ አድርጉ። የፊውዝ ቤቶቹን ክዳን አሁኑኑ አንሱ፣ መስኮቱን አውርዱ፣ ከዚያ ቆልፉትና ራቁ። ሲጨርሱ መንጠቆዎቹን በመክፈቻቸው መልሶ መልቀቅ አይረሳ፤ ረስቶ በሩን ያጋጨ ሰው መንጠቆውን ይሰብራል።

ለገጣፎ የምትኖረው እህቴ መኪናዋ በአንድ ሌሊት 4 በመቶ እየቀነሰ አስቸግሯት ነበር። የጠቆመን የግቢው ጥበቃ ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ነው የሚያድረው» አለን። ያ ድምፅ የትልቁ ባትሪ ሪሌዮች ሲዘጉና ሲከፈቱ ነው። መኪናው የሚቆመው ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው፤ በግድግዳው ወዲያ ደግሞ ሪሞቱ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። መሀላቸው ሁለት ሜትር አይሞላም። ሪሞቱን ወደ መኝታ ቤት ስታዛውረው በማግስቱ የቀነሰው አንድ በመቶም አልሞላም። ሂሳቡም ይገጥማል፦ ያልተኛ መኪና 250 ዋት ያህል ሲጎትት ቢያድር በ10 ሰዓት 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ከ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ 4 በመቶ ነው። ጥበቃ ካላችሁ ጠይቁት፤ ሌሊት ከመኪናው አጠገብ የሚያድረው እሱ ነው።

ሌላው ቀስቃሽ የመብራት መጥፋት ነው። መኪናው ተሰክቶ ሳለ መብራት ሲሄድ አንዳንዱ ተኝቶ አይጠብቅም፤ «አሁን ይመጣል» እያለ ነቅቶ ይቆያል። መብራቱ ቶሎ ካልመጣ ንቀሉት።

ደረጃ 4፦ አምፔሩን መለካት

ክላምፕ ካላችሁ ቀላል ነው። ዲሲ አምፔር ላይ አድርጉት፣ ዜሮ ማድረጊያውን ተጫኑ፣ የኔጌቲቩን ገመድ በሙሉ እቀፉበት። ከአንድ በላይ ገመድ ከኔጌቲቩ ከተነሳ ሁሉንም አብራችሁ ያዙ። ምንም አትፈቱም፣ መኪናውም አይነቃም።

በተራ ቴስተር ከሆነ ግን ዘዴ ያስፈልጋል። ገመዱን ፈትታችሁ ቴስተሩን በመሀል ብታስገቡ መኪናው ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ላይ ይጎትታል፣ የቴስተሩ 10 አምፔር ፊውዝ «ጧ» ይላል። እንዲህ አድርጉ፦ መኪናው ጠፍቶ ሳለ የወፍራሙን ሽቦ አንድ ጫፍ ከኔጌቲቭ ገመዱ ብረት፣ ሌላውን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ እግር ጋር ቆንጥጡ። አሁን በ10 ቁጥር ቁልፉ የገመዱን ማሰሪያ አላሉና ከእግሩ ላይ አንሱት፤ ሽቦው ስላለ መኪናው ምንም አይሰማውም። የቴስተሩን ቀይ ሽቦ 10 አምፔር የሚል ቀዳዳ ውስጥ ሰኩ። ቀዩን ጫፍ ከተነሳው ገመድ፣ ጥቁሩን ከባትሪው እግር ጋር አያይዙ። መኪናውን ቆልፋችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ የወፍራሙን ሽቦ አንድ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ፍሰቱ ሁሉ በቴስተሩ በኩል ያልፋል፣ ቁጥሩንም ታያላችሁ። ሰው በር ቢከፍት ወይም ቁጥሩ ሽቅብ ቢሄድ ሽቦውን ቶሎ መልሱት። ስትጨርሱም መጀመሪያ ሽቦውን መልሱ፣ ቀጥሎ ገመዱን እሰሩ፣ ሽቦውን በመጨረሻ አንሱ።

እየለካችሁ ሳለ ፍሰቱ ድንገት ተገልብጦ የመቀነስ ምልክት ካሳየና የባትሪው ቮልት ወደ 14 ከወጣ አትደንግጡ። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ትንሹ ባትሪ ሲዳከም ሌሊት ነቅተው ከትልቁ ይሞሉታል። እስኪጨርስ ጠብቁና እንደገና ሲተኛ ለኩ። ይህ መሙላት በአንድ ሌሊት ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ግን ትንሹን የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው፤ ትልቁ እየሸፈነለት ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩ ምን ይላል?

ተኝቶ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፔር የሚጎትት መኪና ጤነኛ ነው። ለምን እንደሆነ በ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ (1 አምፔር ለ45 ሰዓት ሊሰጥ የሚችል ማለት ነው) እናስላው። 30 ሚሊ አምፔር በ24 ሰዓት 0.72 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ግማሹን ለመጨረስ አንድ ወር ይፈጅበታል። 500 ሚሊ አምፔር ከሆነ ግን በቀን 12 ነው፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ግማሹ ይሄዳል።

የጎረቤቴ መኪና አንድ ሰዓት ከሩብ ጠብቀን 0.38 አምፔር፣ ማለትም 380 ሚሊ አምፔር አሳየ። በቀን 9 አምፔር ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ ቆሞ እስከ ሰኞ ንጋት 60 ሰዓት ያህል ስለሆነ 23 አምፔር ሰዓት ይፈሳል። በየሳምንቱ እንዲህ እየደረቀ የአሲድ ባትሪ አቅሙ ይሸረሸራል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የከተማው ዳር ብርድ ይጨመርበታል። የመጀመሪያውን ባትሪ ያስቀየረው፣ አዲሱንም ባዶ ያስቀረው ይህ ነው።

ደረጃ 6፦ ከየትኛው ፊውዝ ነው?

የድሮው ዘዴ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ መቼ እንደሚወርድ ማየት ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ አልመክረውም። አንድ ፊውዝ ነቅላችሁ ስትመልሱት በእሱ ላይ ያለው ኮምፒውተር ይነሳል፣ ሌሎቹን ይቀሰቅሳል፣ እንደገና አንድ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ሰላሳ ፊውዝ ካለ ቀኑ ያልቃል።

የተሻለው መንገድ ፊውዙን ሳይነቅሉ መለካት ነው። ፊውዝ ቀጭን ብረት ስለሆነ ፍሰት ሲያልፍበት በሁለቱ ጫፎቹ መካከል በጣም ትንሽ ቮልት ይፈጠራል። ጀርባው ላይ ሁለት ጥቃቅን ብረት ያጮለቁባቸው ነጥቦች አሉ። ክላምፕ የሌላችሁ መጀመሪያ ወፍራሙን ሽቦ ወደ ቦታው መልሱ፣ የቴስተሩንም ሽቦ ከአምፔር ቀዳዳ አውጥታችሁ ወደ ቮልት ቀዳዳ አዛውሩ። ይህን ረስቶ አምፔር ላይ እንዳለ ፊውዝ የነካ ሰው ስህተት ያነባል፣ መኪናውንም ይቀሰቅሳል። ከዚያ ቴስተሩን በዲሲ ሚሊ ቮልት አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች ነጥቦቹ ላይ አሳርፉ። 0.0 ካለ ምንም አያልፍም፣ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ቁጥር ካሳየ ከዚያ መስመር የሚጎትት ነገር አለ።

በግምት 1 ሚሊ ቮልት በ5 አምፔር ፊውዝ ላይ 60 ሚሊ አምፔር ነው፤ በ10 አምፔር ፊውዝ 130፣ በ15 አምፔር ፊውዝ 210፣ በ20 አምፔር ፊውዝ 300 ያህል። ትልቅ ፊውዝ ላይ ትንሽ ቁጥር ብዙ ፍሰት ማለት ስለሆነ 0.3 ብላችሁ አትለፉ። የኮፈኑንም የውስጡንም ቤት ዙሩ፤ ዜሮ ያልሆነውን ሁሉ ከቦታው ጋር ጻፉ።

በጎረቤቴ መኪና የኮፈኑ ፊውዞች ንጹሕ ናቸው። ከመሪው በግራ በኩል፣ ጉልበት በሚያርፍበት ፕላስቲክ ሥር ባለው ቤት ውስጥ ግን አንድ ቀይ የ10 አምፔር ፊውዝ 2.7 ሚሊ ቮልት አሳየ። ወደ 350 ሚሊ አምፔር ማለት ነው። የእጅ ባትሪውን አስጠግቼ ስመለከት ከፊውዙ እግር ጋር ተጣምማ የገባች ቀጭን ቀይ ሽቦ አለች፤ ጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎባት በምሰሶው ሽፋን ሥር ወደ ላይ ትወጣለች። ተከትያት ሄድኩ። መጨረሻዋ ከመስታወቱ ጀርባ የተለጠፈችው ካሜራ ናት።

ደረጃ 7፦ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረው ነገር ሁሉ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ ነው። ካሜራ፣ ጂፒኤስ መከታተያ፣ አላርም፣ በኋላ የተገጠመ ስክሪን፣ አምፕሊፋየር፣ ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የቀረ ብሉቱዝ። የቆመውን መኪና እየጠበቀ የሚቀርጽ ካሜራ ብቻውን ከ250 እስከ 400 ሚሊ አምፔር ሊጎትት ይችላል። መከታተያ ሲሆን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ግን አንዱ በሌላው ላይ ሲደመር ይበዛል።

ከመኪናው በራሱ የሚመጡትም አሉ፦ የኋላው ዕቃ መጫኛ መብራት አለመጥፋቱ (ስልካችሁን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጥ አስቀምጡና ዝጉት፣ ታያላችሁ)፣ ተጣብቆ የቀረ ሪሌይ፣ የበር መዘጋትን የማያውቅ መንጠቆ። ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩ መኪኖች ውስጥ ያለው የኢንተርኔት ሞደምም ኔትወርክ ሲያጣ እየፈለገ ሳይተኛ ሊያድር ይችላል፤ የእሱ ፊውዝ ላይ ቁጥር ካገኛችሁ አስቡት። በክረምት ደግሞ ምንጣፉን አንስታችሁ በእጃችሁ ዳስሱ። የኛ ሰፈሮች መንገድ ኩሬ ነው፤ ውሃ ገብቶ እግር ሥር ያለ ማገናኛ ከረጠበ ፍሰት ይፈጥራል። አይጥም አትርሱ። በሜዳና በግንባታ መሀል የሚቆም መኪና ኮፈን ሥር ሞቅ ሲላት ትገባለች፣ ሽቦም ትላጫለች።

ጥፋቱ ከፋብሪካው ኮምፒውተር በአንዱ ላይ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱ። «ባትሪ ይጨርሳል» ከማለት ይልቅ «ተኝቶ 0.38 አምፔር ይጎትታል፣ ከዚህ ፊውዝ ነው፣ ባትሪው ለብቻው አድሮ 12.61 ነው» ብትሉት ሌላ ባትሪ ሊሸጥላችሁ አይሞክርም።

ደረጃ 8፦ ማስተካከልና ማረጋገጥ

የጎረቤቴን ካሜራ መጣል አላስፈለገንም። የተጣመመውን ሽቦ አውጥተን መኪናው ሲጠፋ አብሮ ወደሚጠፋ መስመር አዛወርነው፤ የራሱ ትንሽ ፊውዝ ባለው መቀጠያ። ሌሊትም ይቅረጽልኝ የሚል ሰው ቮልት ሲወርድ ራሱን የሚያቋርጥ መሣሪያ ይግጠምለት፤ ማቋረጫውን ለአሲድ ባትሪ 12.2 አካባቢ ላይ አድርጉት። 11.6 ላይ ከተዋችሁት ባትሪው ሊደርቅ ምንም አይቀረው።

ካስተካከላችሁ በኋላ ከደረጃ 3 ጀምራችሁ ድገሙ። እኛ ስንደግም 0.38 የነበረው 0.03 ሆነ። ግን በዚያ አላበቃንም፤ ባትሪውን ሞልተን ዓርብ ማታ እንደ ልማዱ ቆለፈው፣ ስልኩንም አልነካም። ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አብረን ወረድን። በሩን ሳንከፍት፣ ከዓርብ ጀምሮ በባትሪው ጫፎች ላይ አያይዘን በኮፈኑ ስንጥቅ ያወጣናቸውን ሁለት ቀጭን ሽቦዎች ቴስተሩ ላይ አደረግናቸው። 12.57 አለ።